ሠርቶ መማር፦ ኮንስትራክሽኒዝም ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሕፃናት

ኮንስትራክሽኒዝም የሚባል የትምህርት አስተሳሰብ አለ። ፍሬ ነገሩ፣ ልጅ አንድን ነገር አጥብቆ የሚያውቀው ለሰው የሚያሳየው ዕቃ በገዛ እጁ ሲሠራ ነው የሚል ነው። ዕቃው የጭቃ በሬ ቢሆን፣ የሽቦ መኪና ቢሆን፣ በባትሪ ድንጋይ የምትበራ አምፖል ወይም በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል ቢሆን ለውጥ የለውም። ልጁ ያሰበውን በእጁ አውጥቶ ያየዋል፤ ያልሆነለትን ያቃናል፤ የሆነለትን ለጓደኛው ያስረዳል። ለዚህ አስተሳሰብ በአማርኛ «ሠርቶ መማር» የሚለውን ስያሜ አቀርባለሁ።

ከየት መጣ?

ቃሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲይሞር ፓፐርት ነው። ፓፐርት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ጄኔቭ ውስጥ ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርቷል። ፒያዤ የሕፃናትን አስተሳሰብ በማጥናት ስሙ የገነነ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ዕውቀት ከመምህር አፍ ወጥቶ በልጅ ጆሮ የሚገባ ሳይሆን ልጁ ራሱ ከልምዱ የሚያበጀው ነው ብሎ አስተምሯል፤ ይህም ኮንስትራክቲቪዝም ይባላል። ፓፐርት ይህን ተቀበለና አንድ ነገር ጨመረበት፦ ልጁ በአእምሮው የሚያበጀው ዕውቀት የሚሰምረው ከውጭ የሚታይና የሚዳሰስ፣ ሌላ ሰው አይቶ አስተያየት የሚሰጥበት ነገር ሲሠራ ነው አለ።

ፓፐርት ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሶሎመን ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠራ። ልጆች በሎጎ «ኤሊ» የምትባል ወለል ላይ የምትሄድ ሮቦት ያዝዙ ነበር፤ ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ እያሉ በመንገዷ ቅርጽ ያስሥሏት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው «ማይንድስቶርምስ» በተባለው መጽሐፉ መግቢያ ደግሞ የራሱን ልጅነት ያነሣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ የመኪና ዕቃ ፍቅር ይዞት ነበር፤ ከፍ ሲል ማርሾችን እርስ በርስ እያጋጠመ ማሽከርከር ዋና ጨዋታው ሆነ። ትምህርት ቤት ገብቶ የማባዣ ሰንጠረዥና የእኩልታ ትምህርት ሲመጣበት እነዚያን ማርሾች በሐሳቡ እያዞረ ተረዳው። እጁ ቀድሞ ያወቀውን አእምሮው ተከተለ ማለት ነው።

ስለ አማርኛው ስያሜ

ቃሉን በቀጥታ «ግንባታዊነት» ብንለው ሰሚው ስለ ብሎኬትና ስለ ሲሚንቶ ያስባል። «እየሠሩ መማር» ደግሞ የተያዘ ቃል ነው፤ ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚማረውን ሰው የምንገልጽበት ነው። ገበሬው የሚያውቀው ሌላ ቃል አለ፦ «ሠርቶ ማሳያ»። የግብርና ባለሙያው አዲስ ዘር ወይም አዲስ አዘራር በአንድ ማሳ ላይ ሠርቶ ያሳያል፤ ገበሬው ያያል። «ሠርቶ መማር» ይህን የታወቀ አባባል ተጠግቶ ሠሪውን ይለውጣል። እዚህ የሚሠራው ተማሪው ነው፤ መምህሩ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ሲያስፈልግ ያግዛል።

ምን ሠርቶ መማር አይባልም?

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም ቴሌቪዥኑ ቆሞ አይጠብቀውም ነበር። መሣሪያው ዘመናዊ ቢሆንም ተማሪው ተመልካች ነበር። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ቴክኖሎጂ መኖሩ ብቻውን ሠርቶ መማር አያሰኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያመራምራል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ባሉባቸው ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በታሸገ ሳጥን አኖረ። አስተማሪ አልመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ተናገረው፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሳጥኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህን የመጨረሻውን ነው። መዝሙሩ ሌላ ሰው ያዘጋጀላቸው ነው፤ ካሜራው ግን ራሳቸው ፈልገው፣ ሞክረው፣ ተሳስተው ያገኙት ነው። ሆኖም አጠገባቸው «እንዴት አድርጋችሁ ከፈታችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ቢኖር ያገኙትን በቃል ገልጠው ለሌላ ሥራ ባዋሉት ነበር። ሠርቶ መማር መምህርን የሚያስቀር ሳይሆን ሥራውን የሚለውጥ ነው።

ለአገሩ ልጅ እንግዳ አይደለም

ከጉና ደጋ እስከ ስማዳ ቆላ ያለ እረኛ መጫወቻውን ከሱቅ አይገዛም። ከጭቃ ከብት ያበጃል፤ ከአገዳ መነጽር፣ ከሸምበቆ ዋሽንት፣ ከጨርቅ ኳስ ይሠራል፤ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ጎማ አስገብቶ መሪ ያላት መኪና ይነዳል። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች እኩል ካልሆኑ መኪናዋ ወደ ትንሹ ጎማ ትታጠፋለች። ያንን አይቶ ጎማውን ያስተካከለ የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ክብና ስለ ልኬት አንድ ቁም ነገር ጨብጧል።

የአብነት ትምህርት ቤቱም ይህን ጥበብ ከጥንት ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ የግእዝን አገባብ የሚማረው በማዳመጥ ብቻ አይደለም። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ያርምለታል፤ በማግሥቱ አዲስ ይዞ ይቀርባል። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንቷ ቤተልሔም ደግሞ የድጓ ደቀ መዝሙር የሚማረውን መጽሐፍ ከነምልክቱ በእጁ ጽፎ መያዙ የቆየ ሥርዓት ነው። ሠርቶ፣ አሳይቶ፣ ታርሞ፣ እንደ ገና መሥራት በዚህ አገር የሊቃውንት መንገድ ነው።

የጎደለው የእረኛውን የእጅ ሥራና የአብነቱን የመማር መንገድ ወደ ሕፃናት ክፍል ማምጣት ነው። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ባወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ መሠረት የተከፈተው የኦ ክፍል በብዙ ቦታ ፊደልና ቁጥር በኅብረት እየጮኹ መድገሚያ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ የሽቦ መኪናውን በር ላይ ጥሎ ይገባል፤ ያለውን ትልቁን ዕውቀት ውጭ ይተዋል።

በኦ ክፍል እንዴት ይሠራል?

ለመጀመሪያ ሥራ መብራት እመርጣለሁ። የሚያስፈልገው ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣች ትንሽ የኤልኢዲ መብራትና ጥቂት ሽቦ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 3 ቮልት ይሆናሉ፤ ይህም ልጅን የሚጎዳ ኃይል አይደለም። ኤልኢዲ የምትፈልገው ኃይል ጥቂት ስለ ሆነ፣ ለእጅ ባትሪ ደከመ ተብሎ የተጣለ ድንጋይ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ሊያበራት ይችላል። መብራቷ ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ ወደ ድንጋዩ ጉጥ ወዳለበት ወገን ካልዞረ አትበራም።

መምህሯ ይህን ሁሉ አስቀድማ አትናገርም። ዕቃውን ለአራት ለአራት ልጆች አከፋፍላ «ማብራት ትችላላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ያገናኛል፣ አይበራም፤ ሌላዋ ትገለብጠዋለች፣ ይበራል። ያን ጊዜ «ምን ለወጥሽ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ልጅቷ በራሷ አማርኛ ስታስረዳ ኤሌክትሪክ በመብራቷ ውስጥ የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን፣ መንገዱ ከተቋረጠም እንደሚቆም ለክፍሉ እያስተማረች ነው። በሚቀጥለው ቀን ከካርቶን ቤት፣ ከሃይላንድ ፕላስቲክ መስኮት ተሠርቶ መብራቷ ትገባበታለች፤ ማብሪያ ማጥፊያ የማበጀቱ ሐሳብ ከራሳቸው ይመጣል።

ጥንቃቄውን መዘርዘር ግዴታ ነው። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ምንም ዓይነት ሙከራ አይደረግም። ጥቁሩን ዱቄት አውጥቶ ሰሌዳ መቀባት በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ ሕፃን የባትሪ ድንጋይ መስበር የለበትም፤ ውስጡ ቆዳና ዓይን ይጎዳል። ሳንቲም የምታህለዋ ክብ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ስለምታቃጥል ወደ ክፍሉ አትግባ።

የፓፐርት ኤሊም ያለ ኮምፒዩተር ትሠራለች። በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ልጅ ኤሊ ይሁን፤ ጓደኞቹ በሰልፍ በሚያውቁት ቋንቋ «አምስት እርምጃ፣ ቀኝ ዙር!» እያሉ ይዘዙት። አራት ጊዜ ሲደጋገም እግሩ በአፈሩ ላይ ካሬ ይሥላል። ትእዛዙ ከተሳሳተ ቅርጹ አይገጥምም፤ የትኛው ቃል እንደ ሳተ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጋሉ። ይህ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ መጀመሪያ ነው። ኮምፒዩተር ባለበት ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የፓፐርትን ሐሳብ በተከተለው በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን የሠራው ስክራች አለ፤ ነጻ ነው፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ትእዛዞቹንም በአማርኛ ማንበብ ይቻላል። ስክራች ለከፍ ያሉት ነው። የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፉ ራሱ «ልጅ ለልጅ» የሚለውን አሠራር ስለሚያውቅ፣ ትልልቆቹ የሠሩትን ለታናናሾቻቸው ማሳየት ይችላሉ።

ስሕተት የሥራው ክፍል ነው

ፓፐርት አጥብቆ የያዘው ሐሳብ፣ ስሕተት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚመረመር ነው የሚል ነበር። የዚህ ማስረጃ ለጋይንትና ለእስቴ ጎረቤት በሆነችው ጋፋት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ያዘዟቸው አውሮፓውያን በአብዛኛው የሚስዮን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ እንጂ መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈ። ምድጃቸውን አሻሽለው ደጋግመው ሞከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ፤ ወደ መቅደላም በሰው ጉልበት ተጓዘ። ለትልልቆቹ የተፈቀደው መክሸፍና መድገም ለአምስት ዓመት ሕፃን ሊከለከል አይገባም።

በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ለምታስተምሩ መምህራን የምለው ይህ ነው። ኮምፒዩተር እስኪመጣ አትጠብቁ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለእጅ ሥራ ስጡ፤ ልጆች የሽቦ መኪናቸውን ይዘው እንዲገቡ ፍቀዱ፤ ከማረማችሁ በፊት «እንዴት ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም ልጃችሁ አሮጌ ሬዲዮ ሲፈታ ብታዩት ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ምን እንደሚፈልግ ስሙት። ሠርቶ መማር የሚጀምረው በዚህ ነው።