ርስትና አባት ቆጠራ በሰሜን

ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ አንሥቶ በራስ ደጀን ግርጌ እስካለችው አምቢኮ ድረስ የቅድመ አያት ስም ሲቆጠር የኖረው ከሁሉ በላይ ለመሬት ነው። ገበሬው ርስት የሚካፈለው ከአቅኚው አባት መወለዱን ሲያስረዳ ነበር። ዘር በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር አንድ ሰው በበርካታ አቅኚዎች ስም ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች በዳኛ ፊት ትውልዱን እየቆጠሩ ይመሰክሩ ነበር። በዚህ የተነሣ መሬት ያስገኘ ሐረግ በቃል ተጠብቆ ሲቆይ ያላስገኘው ተረስቷል፤ ዛሬ የአያቶቹን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከሽማግሌ የሚሰማው ቆጠራ ጥቅም የመረጠው መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ይህን ጉድለት የሚሞላው የጋብቻ ቆጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ስለማይጋቡ፣ በርስት ክርክር ያልተነሡ የአክስትና የአጎት ልጆች በዚህ ይገኛሉ። በሰሜን ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር።

የጽሑፍ ማስረጃው ያለው በአብያተ ክርስቲያናት ብራና ላይ ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በመጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱና ምስክሮቹ በስም ይጠራሉ። ሴቶችም ሻጭና ገዢ ሆነው ይገኙበታል፤ የቃል ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚዘላቸውን እናቶች የሚመልስ ውድ ምንጭ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ በእነዚህ ሰነዶች በሰፊው ተጠቅሟል። ይሁንና በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው ብራናዎች 350 ያህሉ ለብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ደርሰዋል፤ ከጎንደር አድባራት የመጡም አሉባቸው።

የመሳፍንቱ ሐረግ ከተራው ሕዝብ ይልቅ ይታወቃል። የሰሜን ገዥ የራስ ገብሬ ልጅ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም፣ ውቤንና ብጡልን ወለዱ። ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በካሣ ተሸነፉ፤ የብጡል ልጅ ጣይቱ እቴጌ ሆኑ። በተራው ቤተሰብ ግን የቤተሰብ ስም የለም፤ ልጁ የአባቱን ስም ብቻ ስለሚያስከትል በየትውልዱ መጠሪያው ይለወጣል። አንድ ሰው በመዝገብ በክርስትና ስሙ፣ በመንደር በዓለም ስሙ ከተጠራ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚለየው የምስክሮቹና የመሬቱ ስም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው ዋና ምክንያትም አብሮ ቀረ። የመንግሥት መዝገብ ግን ዘግይቶ መጣ፤ ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገቡ የሚያዘው አዋጅ የወጣው በ2004 ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።