ውኃ አስራጊ ንጣፍ፦ የዝናብ ጎርፍን ከመነሻው የመቀነስ ዘዴ

ይህ ጽሑፍ ግቢያቸውን፣ የመኪና ማቆሚያቸውን ወይም የሠፈራቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለማንጠፍ ላሰቡ ዜጎች የተዘጋጀ አጠቃላይ መረጃ ነው።

ለምን ያስፈልጋል?

ባልተነጠፈ መሬት ላይ ከሚጥለው ዝናብ ከፊሉ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ ከፊሉም በትነትና በዕፅዋት አማካይነት ወደ አየር ይመለሳል። መሬቱ በሊሾ፣ በድፍን ኮንክሪት ወይም በአስፋልት ሲሸፈን ግን አብዛኛው ዝናብ ወዲያውኑ ጎርፍ ይሆናል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ድፍን ንጣፍ ላይ ቢጥል፣ ወደ 3,000 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ከግቢው ወደ መንገድና ወደ ቦይ ይወጣል። የዓመቱ ዝናብ በአብዛኛው በክረምት ወራት በሚጥልባትና ተዳፋት በሚበዛባት አዲስ አበባ፣ ይህ ውኃ በመጨረሻ የሚደርሰው በታችኛው ሠፈርና በወንዝ ዳር በሚኖሩ ቤተሰቦች ላይ ነው።

አሠራሩ

ውኃ አስራጊ ንጣፍ ዝናብን በገጹ አሳልፎ ከሥሩ ባለው የጠጠር ንብብር ውስጥ ለጊዜው የሚያቆይና ቀስ በቀስ ወደ አፈር የሚያሰርግ ንጣፍ ነው። ዋና ዋና ዓይነቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- በመካከላቸው በደቃቅ ጠጠር የተሞላ ክፍተት ያላቸው የኮንክሪት ንጣፎች፤
- አሸዋ ሳይገባበት ወይም በጥቂት አሸዋ ብቻ የሚዘጋጅ ባለ ቀዳዳ ኮንክሪት፤
- ደቃቁ ጠጠር የተቀነሰለት ባለ ቀዳዳ አስፋልት፤
- ክፍተታቸው በሣር ወይም በጠጠር የሚሞላ ባለ ፍርግርግ ንጣፎች።

ውኃውን የሚይዘው ከላይ የሚታየው ንጣፍ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ከአቧራና ከአፈር የጸዳና መጠኑ ተቀራራቢ ሊሆን ይገባል። ከይዘቱ 30 በመቶ የሚሆነው ባዶ ክፍተት ከሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር በአንድ ካሬ ሜትር 90 ሊትር ውኃ ሊይዝ ይችላል። ገረጋንቲ ደቃቅ አፈር ስላለው ክፍተቱን ይደፍናል፤ ስለሆነም በዚህ ጠጠር ምትክ ሊያገለግል አይችልም።

ኮብልስቶን ውኃ ያሰርጋልን?

በበርካታ ከተሞቻችን የተለመደው ኮብልስቶን በራሱ ውኃ አስራጊ አይደለም። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ከተሞላ ወይም ሥሩ በደቃቅ አፈር ከተጠቀጠቀ ውኃው እንደ ድፍን ንጣፍ በላዩ ይፈሳል። መጋጠሚያውም ሆነ ሥሩ በንጹሕ ጠጠር ሲሠራ ግን የተሻለ የማስረግ አቅም ይኖረዋል።

ከሥራው በፊት አፈሩን ስለመፈተሽ

የጠጠሩ ንብብር እስከሚያርፍበት ጥልቀት ጉድጓድ ይቆፈር፤ ውኃ ይሞላና እስኪሰርግ ይጠበቅ። ከዚያም እንደገና ተሞልቶ ውኃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ይለካ። ዋልካ አፈር በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ የመጀመሪያውን ውኃ ፈጥኖ ይጠጣል፤ ከራሰ በኋላ ግን አብጦ ይዘጋል። በመሆኑም ሁለተኛው ልኬት ወሳኝ ነው። ውኃው በሰዓት ከ13 ሚሊ ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ትርፉን ውኃ ወደ ቦይ የሚያወጣ ባለ ቀዳዳ ቱቦ በጠጠሩ ውስጥ እንዲዘረጋ ይመከራል።

ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎች

- ከቤት መሠረትና ከድጋፍ ግንብ አጠገብ የሚሰርግ ውኃ ግንባታውን ሊጎዳ ስለሚችል በቂ ርቀት መጠበቅ ወይም ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።
- በጋራዥ፣ በነዳጅ ማደያና በመኪና እጥበት ቦታዎች ዘይትና ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሊገባ ስለሚችል አይመከርም።
- ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድና ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ መሥራት አይገባም።
- በተዳፋት ቦታ ውኃው በጠጠሩ ውስጥ ወደ ታችኛው ጫፍ ስለሚሰበሰብ፣ ንብብሩን በደረጃ መከፋፈል ያስፈልጋል።
- ከባድ ተሽከርካሪ ለሚመላለስበት ዋና መንገድ የተለየ የምሕንድስና ጥናት ያሻል።

እንክብካቤ

የዚህ ንጣፍ ዋነኛ ጠላት ደለል ነው። ከጎረቤት ተራቁቶ ካለ መሬት የሚወርድ ጭቃ ወይም በንጣፉ ላይ የተከመረ አሸዋና የተቦካ ሲሚንቶ ቀዳዳዎቹን ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ ንጣፉ በየጊዜው መጠረግ፣ በተለይም ክረምት ከመግባቱ በፊት መጽዳት አለበት። በመጋጠሚያው ያለው ጠጠር ሲጎድል በአሸዋ ሳይሆን በተመሳሳይ ንጹሕ ጠጠር ይተካ። ከዝናብ በኋላ ውኃ በገጹ ላይ ማቆር ከጀመረ መደፈኑን ያመለክታል።

የአገልግሎቱ ወሰን

ውኃ አስራጊ ንጣፍ በቦታው ከሚጥለው ዝናብ የሚነሣውን ጎርፍ ይቀንሳል እንጂ የወንዝ ሙላትን አያስቀርም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ከጣለ ዝናብ ነበር። እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከላከል የተፋሰስ ልማት፣ የወንዝ ዳርቻ ጥበቃና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያስፈልጋሉ። ንጣፉ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይንም አይተካም፤ የቦዩን ጫና ግን ያቃልላል።

ግቢያቸውን ለማንጠፍ ያቀዱ ዜጎች ውል ከመፈራረማቸው በፊት የጠጠሩ ዓይነትና ውፍረት፣ የመጋጠሚያው መሙያ እንዲሁም የትርፍ ውኃው መውጫ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ መስፈራቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል። ሥራው ከግቢ ውጭ የሚወጣ ወይም ከሕዝብ ቦይ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚመለከተውን የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማማከርና ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።