የጦርነት ተፈናቃዮች የአእምሮ ጤና
በትጥቅ ግጭት ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች የሚደርስባቸውን የሥነ ልቦና ጉዳትና የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ የሚያጠና የኅብረተሰብ ጤና ዘርፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ ድባቴ፣ ጭንቀት፣ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን (ያለፈው አደጋ በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት ሕመም)፣ ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬኒያ አለባቸው።

የተፈናቃይ ጭንቀት ሁሉ ግን ሕመም አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ደኅንነቱ ሲጠበቅ፣ መጠለያና ቀለብ ሲያገኝና ከቤተሰቡ ጋር ሲገናኝ ያገግማል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ድጋፉን በአራት እርከን ሲያዋቅር መሠረታዊ ፍላጎትንና ደኅንነትን ከሥር፣ የባለሙያ ሕክምናን ከላይ ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ተፈናቃዮች በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። እድሩ የተበተነበትና የዘመዱን አስከሬን ያላገኘ ቤተሰብ፣ በአንድ ክፍል ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተፋፍጎ እያደረ፣ እንደ ወጉ ለቅሶ መቀመጥና አስተዛዛኝ መቀበል ይቸግረዋል፤ ይህ ዓይነቱ ጉዳት በሕመም ምልክቶች መጠይቅ ብቻ በቀላሉ የሚለካ አይደለም። ከመፈናቀላቸው በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጉ ቢሆኑም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው።