የፊት ገጽታ አበልጻጊ፦ ከጀማሪ እስከ ቡድን መሪ

በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ፍሮንት ኢንድ ዴቨሎፐር» የሚል መደብ እየበዛ መጥቷል። «ዴቨሎፐር»ን አማርኛ «አበልጻጊ» ብሎ ለምዶታል፤ የሚያስቸግረው የፊተኛው ነው። «የፊት ጫፍ» ቢሉት ለማንም ስሜት አይሰጥም። እኔ «የፊት ገጽታ አበልጻጊ» ማለትን እመርጣለሁ፦ ተጠቃሚው በዐይኑ የሚያየውንና በጣቱ የሚነካውን የድረ ገጽ ወይም የመተግበሪያ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ። መረጃው ተቀምጦ ሒሳቡ የሚሠራበት «ባክ ኢንድ» ደግሞ «የጀርባ ክፍል» ይባል።

መሣሪያዎቹ ይታወቃሉ። ኤችቲኤምኤል የገጹን አካል፣ ሲኤስኤስ መልኩን፣ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው ጃቫስክሪፕት ደግሞ እንቅስቃሴውን ይሠራሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት የተባለ የጃቫስክሪፕት መሣሪያና ዘመዶቹ የተገነቡት በነዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሙያ እንደ ማስዋብ ያየዋል። በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ላይ ቢሠራ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። በከተማዋ ዳር ለተፈናቃዮችና ለስደት ተመላሾች በተሠራው አያሃ ሠፈር የሚኖር ሰው ገንዘብ የሚልከው በስልኩ ነው። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ዛድ የተባለ የገንዘብ መላኪያ የሚሠራው ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ላይ ጭምር ነው፤ አጭር ቁጥር ደውሎ ከሚመጣው ዝርዝር መምረጥ ብቻ። ያ ዝርዝር ምንም ቀለምና ሥዕል የለውም፤ በኔ አስተያየት ግን ከብዙ ውብ ድረ ገጽ የተሻለ የፊት ገጽታ ነው።

ድረ ገጽ ሲመጣ ደግሞ የቋንቋው ጣጣ አለ። አንድ የሐርጌሳ ክሊኒክ ገጹን በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ እዚያ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ በአማርኛ ማውጣት ፈለገ እንበል። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ አያስቸግርም። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባልና ጽሑፉን ብቻ መተርጎም አይበቃም። «ቀጣይ» የሚለው ቀስት ፊቱን ያዞራል፤ በግራ የነበረው ዝርዝር ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀማሪ አበልጻጊ ክፍተቱን «በግራ በኩል» ብሎ ስለሚጽፈው ዐረብኛው ሲከፈት ሁሉ ነገር ይዘበራረቃል። ልምድ ያለው «በመስመሩ መነሻ በኩል» ብሎ ይጽፈዋል፤ መነሻውን ቋንቋው ራሱ ይወስናል። አማርኛውም የራሱ ጠባይ አለው። ፊደሎቻችን ሰፋፊ ስለሆኑ ለእንግሊዝኛ ተለክቶ የተሠራ ቁልፍ ላይ «ቀጠሮ ያስይዙ» የሚለው ተቆርጦ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ፎንቱ የሌለበት ስልክ ዛሬም ባዶ ሣጥን ይደረድራል።

እንዲህ ያለውን ጣጣ አስቀድሞ የሚያይ ሰው ነው «ሲኒየር» የሚባለው። ከዚያ በላይ «ቲም ሊድ» አለ፤ የቡድን መሪ። አለቃ ማለት ግን አይደለም፤ ደመወዝና ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የቡድን መሪ ሥራ ይከፋፍላል፤ የባልደረቦቹን ኮድ ሳይለቀቅ በፊት እየገመገመ «ይህ በዐረብኛ ይፈርሳል» ይላል፤ ደንበኛው «በሳምንት ይድረስልኝ» ሲል የሚሆነውንና የማይሆነውን ይነግረዋል። ራሱ የሚጽፈው ኮድ በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ኮድ መጻፍ ወዶ ሙያውን የጀመረ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ እዚህ ደርሰው የሚመለሱም አሉ፣ ነውር የለውም።

አበልጻጊ ለመቅጠር ካሰቡ የምስክር ወረቀቱን ቆይተው ይዩት። መጀመሪያ ርካሽ ስልክና ቀርፋፋ ኔትወርክ ይስጡትና የሠራውን ገጽ እፊትዎ ይክፈትልዎት።