የኪነት ቡድን (በጎንደርና በፎገራ አካባቢ)

የኪነት ቡድን በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት፣ በወረዳ ወይም በክፍለ ሀገር ስም ተሰባስቦ ዘፈን፣ ጭፈራና አጭር ድራማ ለሕዝብ የሚያቀርብ ስብስብ ነው። አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራ ወይም ትምህርት ያላቸው የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። በጎንደር በኩል የትርኢቱ እምብርት እስክስታ ነው። የአደረጃጀቱ መልክ በስፋት የታወቀው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሲሆን፣ ጭፈራው ግን ከዚያ በፊት በሠርግ ዳስና በጥምቀት ሜዳ የኖረ ነው። የኪነት ቡድን ታሪክ በአብዛኛው ሁሉም የሚጨፍርበት ክብ፣ ጨፋሪና ተመልካች ወደተለዩበት መድረክ የተሻገረበት ታሪክ ነው።

አካባቢውና የጭፈራው ወቅት

የፎገራ ሜዳ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተንጣሎ የሚገኝ ለጥ ያለ ምድር ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ያቋርጡታል፤ በክረምት በሰፊው ክፍሉ ላይ ውሃ ይተኛል። በወተት ሀብቱ የታወቀው የፎገራ ከብትና ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው ሩዝ መለያዎቹ ናቸው። የፎገራ ወረዳ ማዕከል የነበረችው ወረታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚለያዩበት ቦታ ትገኛለች።

ጭፈራው ጊዜውን የሚያገኘው ከእርሻውና ከቤተ ክርስቲያን የቀን አቆጣጠር ነው። መኸር የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ጊዜው ግን በአብዛኛው የጾመ ነቢያት በመሆኑ ሠርግ አይደገስም። ጾሙ በገና ሲፈታ ጎተራው ሞልቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ በሬውም አርፏል። ከጥምቀት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮው ይሰቀላል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ክረምቱ እስኪጠጋ ይደለቃል።

በጥር 10 ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በማግስቱ ሲመለሱ ወጣቶች ዱላ ይዘው በሆታ ያጅባሉ። ይህ የአደባባይ ጭፈራ ከካህናቱ ወረብ የተለየ ነው። ወረቡ በጽናጽል፣ በመቋሚያና በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሥርዓት ይመራል፤ የወጣቶቹ ሆታ በአውጪና በተቀባይ ይሄዳል። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የጭፈራው አሠራር

በሠርግ ቤት ጨፋሪው ክብ ይሠራል። አንዱ ወይም አንዷ ግጥም ያወጣሉ፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጭብጨባውና ከበሮው ምቱን ይይዛሉ። ከበሮውን ብዙ ጊዜ ሴቶች ይመታሉ። አንድ ሰው ከክቡ ወጥቶ መሐል ይገባል፤ ፊት ለፊቱ የሚገጥመው ሲያገኝ ሁለቱ እስክስታ ይወርዳሉ። ዙሪያው እልል ይላል፣ «እስክስ!» እያለ ያደፋፍራል። ሲደክማቸው ወደ ክቡ ተመልሰው አጨብጫቢና ተቀባይ ይሆናሉ፤ ቦታቸውን ሌላ ይይዛል። አዝማሪ ከተገኘ ማሲንቆው ዜማውን ይመራል፣ በግጥሙም የታዳሚው ስም ይሰካል።

እስክስታ የሚታየው በትከሻ፣ በደረትና በአንገት ነው። እግር በአብዛኛው በአጭር እርምጃ ምቱን ጠብቆ ይቆያል፤ ትከሻው በዚያ ላይ ይሰብቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገትም ይቆማል። የዘፈኑ ምት በብዛት ችክችካ የሚባለው፣ ሙዚቀኞች በስድስት ስምንተኛ የሚጽፉት ነው። በሆታ ግን የእግሩ ድርሻ ይበልጣል፦ ወንዶች ተጠጋግተው በአንድነት ይዘላሉ፣ መሬቱን አብረው ይመታሉ፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ፉከራና ቀረርቶም ከዚሁ ጎን ይመጣሉ።

ከዳስ ወደ መድረክ

ባህላዊ ጭፈራን በተደራጀ መልክ ለተመልካች ማቅረብ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሀገር ፍቅር ማኅበር ጋር ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ደግሞ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ ላይ አሰለፈ። ሁለቱም አዲስ አበባ የነበሩ ናቸው። መድረኩን ወደ ክፍለ ሀገር ያወረደው ደርግ ነው። ቀበሌዎች፣ የገበሬና የወጣት ማኅበራት ኪነት እንዲያቋቁሙ ተደረገ፤ ዓላማው ባህልን ማሳየት ብቻ ሳይሆን የአብዮቱን መልእክት ማድረስም ስለነበር ከፍቅርና ከሠርግ ዘፈን ጎን የዘመቻና የልማት ግጥም ተሰማ። ከክፍለ ሀገር ቡድኖች የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው ገነነ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ለዓለም ሕዝብ ምስጋና ለማቅረብ በ1980 ዓ.ም. የዞረው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ጉዞም ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገራት የመጡ ጭፈራዎችን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች አሳይቷል።

መድረኩ ጭፈራውን ለወጠው። ክቡ ተከፍቶ ወደ ተመልካች የዞረ መስመር ሆነ። በዳስ ሌሊቱን የሚዘልቀው በአንድ ዘፈን ርዝመት ተወሰነ። ዘፋኝ ከጨፋሪ ተለየ፤ በስሜቱ የሚወርደው ትከሻ በልምምድ አንድ ላይ መስበቅ ጀመረ። ልብሱ አንድ ዓይነት ሆነ፤ የሴቶቹ ጥልፍ ቀሚስና መቀነት፣ የወንዶቹ ነጭ እጀ ጠባብና ሱሪ የታወቁ ናቸው። ጎረቤታሞች የሚዋዋሱት ጭፈራም በየክፍለ ሀገሩ ተለይቶ «የጎንደር»፣ «የጎጃም»፣ «የወሎ» ተባለ። የፎገራ ሜዳ የድሮው በጌምድር ግዛት ቢሆንም ከጎጃም ጋር ድንበርተኛ በመሆኑ፣ ይህ ክፍፍል በሠርግ ዳስ ውስጥ በመድረክ ላይ ያህል ጎልቶ አይታይም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀበሌ ኪነቶች አብዛኞቹ ተበተኑ። ሥራው ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ወደ ትምህርት ቤት ክበባት፣ ወደ ምሽት ቤቶችና ባሕር ዳር ወዳለው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ተሸጋገረ።

ተመሳሳይ ጉዞ በሌላ አገር

በአሜሪካ አፓላሺያን ተራሮች ክሎጊንግ የሚባለው የእግር ጭፈራም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። ጨፋሪው ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ምቱን በጫማው ተረከዝና ጫፍ ያስተጋባል፤ ከጊዜ በኋላ ድምፁን ለማጉላት በሶሉ ላይ ብረት ተገጠመ። ባስኮም ላማር ላንስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1928 በአሽቪል ከተማ የጀመረው የተራራ ጭፈራ ፌስቲቫል የመንደር ጨፋሪዎችን በቡድን አወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የሶኮ ጋፕ ቡድን በዋይት ሐውስ በእንግሊዝ ንጉሥና ንግሥት ፊት ጨፈረ። እዚያ ለውጡን ያመጣው ውድድር ነው፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት አደረጃጀት ነበር።

ጥናትና ስርጭት

የሃንጋሪ ተመራማሪዎቹ ጊዮርጊ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ጭፈራና ሙዚቃ መዝግበው አጥንተዋል፤ ቲቦር ቫዳሺም ስለ ኢትዮጵያ ጭፈራ ተከታታይ ጽሑፎች አሳትሟል። ከጎንደር ገጠሮች ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን እስክስታን ይዘው ሄደዋል፤ ሩት ኤሼል እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር ያቋቋመችው «እስክስታ» የጭፈራ ቡድን እንቅስቃሴውን ከዘመናዊ ዳንስ ጋር አዋሕዷል።

ዛሬ የመድረኩ አጨፋፈር በቪዲዮ ክሊፕ አማካይነት ወደ ሠርግ ቤት ተመልሷል። ወጣቶች በክሊፕ ያዩትን የተናበበ አሰላለፍ በዳስ ውስጥ ይሞክራሉ፤ ከከበሮው ጎንም ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ይቆማሉ። ይሁንና የሠርጉ ክብ የራሱን ደንብ አልለቀቀም፦ ከታዳሚው ማንም ሳይጠራ መሐል መግባት ይችላል፤ በመድረክ ግን ተመልካቹ አድናቆቱን የሚገልጸው በጭብጨባ ወይም በጨፋሪው ግንባር ላይ ብር በመለጠፍ ነው።