ከክላፋም እስከ ሴንት ጄምስ አዳራሽ፦ የለንደን ኳርቴት ወግ

ደቡብ ለንደን ውስጥ ከክላፋም ኮመን መስክ በስተሰሜን ባለው 47 ቁጥር ቤት ላይ የኖርዌዩን የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግን የሚያስታውስ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል። ቤቱ የሙዚቃ አሳታሚው የጆርጅ ኦግነር ነበር፤ ግሪግም ለንደን ሲመጣ እዚያ ያርፍ ነበር። በግንቦት 1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፒያኖ ኮንቼርቶውን ያቀረበው በፒካዲሊ አቅራቢያ በነበረው ሴንት ጄምስ አዳራሽ ነው። በለንደን የኳርቴት ወግ ሥር የሰደደውም በዚሁ አዳራሽ ነበር።

ኳርቴት ማለት ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ናቸው። አራቱም እንደ ማሲንቆ በደጋን ይመታሉ። ፊታቸው ቆሞ በእጁ የሚመራቸው ሰው ስለሌለ የሚግባቡት በትንፋሽና በዓይን ነው፤ ይህ ደግሞ ለዓመታት አብሮ ከመጫወት እንጂ ከሌላ አይገኝም።

በሴንት ጄምስ አዳራሽ አርተር ቻፔል የሚመራው የሰኞ ማታ ኮንሰርት በ1859 ሲጀመር መቀመጫ በ1 ሽልንግ ይገኝ ነበር። በአብዛኛው በባለጸጋ ሳሎን ተወስኖ የቆየው ሙዚቃ በዚህ ዋጋ ለብዙ ሰው ጆሮ ደረሰ፤ የወጉ ትልቁ ቁም ነገርም ይህ ይመስላል። ጣሊያናዊው አልፍሬዶ ፒያቲ ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ ለአርባ ዓመት ገደማ ቼሎውን አልለቀቀም። ሉዊ ሪስ በሁለተኛ ቫዮሊን፣ ሉድቪግ ሽትራውስ በቪዮላ ለረጅም ጊዜ አብረውት ተጫውተዋል። አንደኛውን ቫዮሊን ታላቁ ዮዜፍ ዮአኪም ወይም የብርኖዋ ተወላጅ ቪልማ ኔሩዳ ይይዙ ነበር። ቫዮሊን ለሴት አይገባም በሚባልበት ዘመን ኔሩዳ ከ1869 ጀምሮ እንዲህ ባለ መድረክ ኳርቴት መምራቷ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ብዙ ወጣት ሴቶች ከእሷ በኋላ ደጋን አንስተዋል። ግሪግም ለንደን ላይ ከእሷ ጋር ተጫውቷል።

ግሪግ ራሱ ለእነዚህ አራት መሣሪያዎች የጻፈው ሥራ፣ እሱም ኳርቴት የሚባለው፣ በ1878 የተጠናቀቀ ነው። አራቱ መሣሪያዎች ደጋናቸውን በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ክር ላይ እያሳረፉ ድምፁን የኦርኬስትራ ያህል ያወፍሩታል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዴቡሲ በ1893 ያቀረበው ኳርቴት በዚያው ቅኝት መጻፉና አንድ ሐሳብ በሁሉም ክፍል እየተመላለሰ እንዲሰማ ማድረጉ ከግሪግ ሥራ ጋር ያዛምደዋል።

ሴንት ጄምስ አዳራሽ በ1905 ፈረሰ። ወጉ ግን በ1901 ወደ ተከፈተውና በኋላ ዊግሞር ወደ ተባለው አዳራሽ ተሻግሮ ነበር። በጥር 1948 አማዴዩስ ኳርቴት በዚያ መድረክ ቀረበ፤ ከአራቱ ሦስቱ ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። አንድም አባል ሳይለውጡ ለአርባ ዓመት ያህል ዘለቁ። በ1987 የቪዮላ ተጫዋቹ ፒተር ሽድሎፍ ሲሞት የቀሩት ሦስቱ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ አላስቀመጡም፤ ኳርቴቱም በዚያው አበቃ።