አሮጌ ሮታሪ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት፦ የአንዲት ቀጭን ማሸጊያ ታሪክ

የ1985 ማዝዳ አርኤክስ-7 ለሽያጭ ቀርቦ አያችሁ እንበል። ቀይ ነው፣ የፊት መብራቶቹ ሲጠፉ ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሻጩም ደረቱን ነፍቶ «80 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው» ይላችኋል። ኮሮላ ቢሆን ደስ የሚል ወሬ ነው። ለዚህ መኪና ግን ይህ ቁጥር ብዙ አይነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሞተሩ አመጣጥ እንመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፌሊክስ ቫንክል በ1902 ጀርመን ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ መንጃ ፈቃድም ኖሮት አያውቅም። የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዮች ለወራት አስረውታል። ስለ ሞተሩ የሚያወሩ ሰዎች ይህችን ብዙ ጊዜ ይዘሏታል። ዋና ሙያው ማሸግ ነበር፤ ማለትም በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ብረት ጋዝ እንዳያሳልፍ ማድረግ። በጦርነቱ ዘመን የሠራውም የአውሮፕላን ሞተር ቫልቮችን ማሸግ ላይ ነው።

በተለመደው ሞተር ፒስተኑ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይቆማል። ቫንክል ይህን ምልልስ ማስቀረት ፈለገ። በእሱ ሞተር ጎኖቹ ቆልመም ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ትንሽ ገባ ባለ ሞላላ ክፍል ውስጥ ይዞራል። ሦስቱም ፊቶች በየተራ ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ያስወጣሉ። ቫልቭ የለም። ሮተሩ አንዴ ሲዞር ዘንጉ ሦስቴ ስለሚዞር፣ በእያንዳንዱ የዘንግ ዙር አንድ ግፊት ይገኛል። ሞተሩ ትንሽ፣ ቀላልና ንዝረት የሌለው የሆነው በዚህ ነው።

ጣጣው ያለው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። የፒስተን ሪንግ ሲሊንደሩን ዙሪያውን አቅፎ ይይዛል። የሮተር ጫፍ ግን ግድግዳውን የሚነካው እንደ ቢላ ስለት በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ የሚነካበት አቅጣጫም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። እዚያ መስመር ላይ የተቀመጠችው ቀጭን ማሸጊያ ሁለት ጎረቤት ክፍሎችን ትለያለች። እሷ ከተሰበረች ሁለቱም አቅም ያጣሉ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቫንክል ከኤንኤስዩ ኩባንያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ሞተር በ1957 አስነሳ። በዚያ ሞተር ሮተሩም ግድግዳውም አብረው ይዞሩ ስለነበር ካንዴላ ለመቀየር ሞተሩን መፍታት ግድ ነበር! የኩባንያው መሐንዲስ ሃንስ ዲተር ፓሽከ ግድግዳው እንዲቆም አደረገ። ቫንክል ባይወደውም ዛሬ የምናውቀው ሞተር የፓሽከ ነው። በ1967 ሮ 80 የተባለችው ውብ የቤት መኪና ወጣች፣ በአውሮፓም የ1968 የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። ከዚያ ማሸጊያዎቹ ማለቅ ጀመሩ። ኤንኤስዩ በዋስትና ሞተር ሲቀይር ከረመ። የሮ 80 ባለቤቶች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ስንተኛ ሞተራቸው ላይ እንደደረሱ በጣታቸው ይጠቋቆሙ ነበር ይባላል። በ1969 ኩባንያው በፎልክስቫገን ሥር ገባ። አንዳንዶቹም ተስፋ ቆርጠው የፎርድ ሞተር አስገጠሙ፤ ስለዚህ ሮ 80 ልትገዙ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱ።

ሂሮሺማ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። የጃፓን መንግሥት ትንንሽ መኪና አምራቾችን በትልልቆቹ ሥር ሊያሰባስብ ያስብ ነበር። ማዝዳ እንዳይዋጥ ሌላው የሌለው ነገር ያስፈልገው ስለነበር በ1961 ከኤንኤስዩ ፈቃድ ገዛ። ኬንኢቺ ያማሞቶና 47 መሐንዲሶች ሥራው ሲሰጣቸው የሞተሩ ግድግዳ ሞገድ በሚመስል ጭረት ይበላሽ ነበር። «የሰይጣን ጥፍር» አሉት። ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲንጫጫ ታውቃላችሁ አይደል? ጠመኔው እየተንሸራተተ ሳይሆን እየዘለለ ነው። ማሸጊያዋም በራሷ የንዝረት ፍጥነት እየዘለለች ግድግዳውን ትቧጥጥ ነበር። ቡድኑ መጀመሪያ ንዝረቱ እንዲለወጥ ቅርጿን ቀየረ፤ በመጨረሻ አሉሚኒየም የጠጣ ካርቦን ሠራበት። ግንቦት 1967 ኮስሞ ስፖርት ለገበያ ቀረበ፦ ሁለት ሮተር፣ በድምሩ 982 ሲሲ፣ 110 የፈረስ ጉልበት። እስከ 1972 የተሠሩት 1,176 ብቻ ስለሆኑ እሱን ለመግዛት አታስቡ።

በእኔ እምነት የጥንካሬው ጥያቄ በአመዛኙ ያኔ ተመልሷል። ማዝዳን ሊገድለው የደረሰው ቤንዚን ነው። የሮታሪ ማቃጠያ ክፍል ረጅምና ቀጭን ስለሆነ እሳቱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይጠፋል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ማዝዳ ይህን ነዳጅ ጭስ ማውጫው ላይ አቃጥሎ የአሜሪካን የአየር ብክለት ሕግ አሟላ፤ ነዳጁ ግን ባከነ። በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች ዘይት ሲያቆሙ ገዢው ሸሸ፣ ኩባንያውንም የሱሚቶሞ ባንክ ደግፎ አቆመው። ሮታሪው በ1978 በአርኤክስ-7 ሲመለስ ቦታው ታውቆ ነበር፦ አንድ ቶን አካባቢ የምትመዝን፣ ገዢዋ ለነዳጅ ብዙ የማይጨነቅ የስፖርት መኪና። በ1991 ባለ አራት ሮተር ማዝዳ ለ ማን ላይ አሸነፈ።

እንግዲህ ወደ ቀዩ መኪና። «ኮምፕሬሽን ተለክቷል፣ ጥሩ ነው» ከተባላችሁ በምን እንደተለካ ጠይቁ። ተራው መለኪያ ከፍተኛውን ንባብ ይዞ ይቀራል። አንድ ማሸጊያ ብትሰበር ሁለት ፊት ይደክማል፣ አንዱ ደህና ይሆናል አልን፤ መለኪያው የሚያሳያችሁ ያንን ደህናውን ነው። ለሮታሪ የተሠራው መለኪያ ሦስቱንም ለየብቻ ያነባል። እሱ ከሌለ ካንዴላ አስፈትታችሁ ሞተሩን በማስነሻው ብቻ አስዙሩና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ፉ፣ ፉ፣ ፉ እኩል ከመጣ ጥሩ ነው። አንዱ ጎልቶ ሁለቱ ከሰለሉ አመስግናችሁ ሂዱ። እንደ ዴንቨር ወይም አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ከለካችሁ ሁሉም ንባብ እንደሚወርድ አትርሱ፤ እኩልነታቸው ግን አይለወጥም።

ዘይት ይበላል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። መብላት አለበት፤ ማሸጊያዎቹን የምታለሰልስ ፓምፕ ሆን ብላ ዘይት ታስገባለች። «ጠብታም አይበላ» የሚል ሻጭ ፓምፑን ነቅሎት ሊሆን ይችላል። ነቅሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቅል ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ከሁሉ በላይ ሙቀት። በዚህ ሞተር አንደኛው ጎን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይቃጠላል። ግድግዳው አሉሚኒየም፣ ጎኖቹ ብረት ናቸው፤ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፣ መሐላቸውም ውሃ የሚይዝ ጎማ አለ። አንዴ ከመጠን በላይ ከጋለ ጎማው ይጎዳል። ስለዚህ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲነሳ ነጭ ጭስ ካልጠፋ ተጠራጠሩ። ከዚያ በደንብ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ወዲያው አስነሱት። ትኩስ ሆኖ ለመነሳት ካስቸገረ ማሸጊያዎቹ አልቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን መኪናውን ከወደዳችሁት ሞተር እንደሌለው ቆጥራችሁ ዋጋ ተነጋገሩ።